በሽታውን የሸሸገ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በአፍ ሲነገር የሚኖር፥ በሥራ ግን እምብዛም የማይፈጸም ቃል ነው። ሰው እጁ ቢቈስል ለጎረቤቱ ያሳያል፤ ጥርሱን ቢያመው ቤተ ሰቡን ሁሉ በሌሊት ይቀሰቅሳል፤ ዓይኑ ቢፈዝ መነጽር ይፈልጋል። ማኅፀኗን የታመመች ሴት ግን ሕመሟን ከእናቷም፥ ከባሏም፥ ከንስሐ አባቷም ሰውራ፥ መቀነቷን አጥብቃ፥ ነጠላዋን አጣፍታ ትኖራለች። ሰው ሁሉ ዘጠኝ ወር ያደረበት ቤት ሲታመም ስሙን መጥራት እንደ ነውር መቈጠሩ የሚያስገርም ነገር ነው።

ከእንጦጦ ተራራ በታች፥ በየካ ክፍለ ከተማ፥ ሲግናል በሚባለው ሰፈር አንድ የቅኔ መምህር ነበረ። በልጅነቱ በጎጃም ጉባኤ ቤት ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር የተማረ፥ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ የሚፈታ፥ በባሕረ ሐሳብም መጥቅዕና አበቅቴ ሲያወጣ አንዲት ዕለት የማትስተው ሰው ነው። ሚስቱ አርባ አራት ዓመት የሆናት፥ ሦስት ልጆች የወለደች፥ ቃሏ ጥቂት የሆነ ሴት ነበረች።

አንድ ዓመት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ወደ የካ ሚካኤል አብረው ሲሄዱ ሴትዮዋ ከአጸዱ በር ቆመችና «የኔታ፥ እርስዎ ይግቡ፤ እኔ ከደጅ እሳለማለሁ» አለችው። እርሱም ልማደ አንስት መሆኑን ዐውቆ ምንም ሳይናገር ገባ። የጥምቀት ሰሞን «ዛሬም ከደጅ እሳለማለሁ» አለችው። በዐቢይ ጾም እኩሌታ «ዛሬም» አለችው። በትንሣኤ ሌሊት ልጆቹ ጧፍ ይዘው ሲወጡ እሷ ከቤት ቀርታ «ዛሬም እናንተው ሂዱ» አለቻቸው። መምህሩ የሰው ቅኔ ሲሰማ አንዲት ፊደል ብትላላ ወይም ብትጠብቅ ምሥጢሩ የሚለወጥ መሆኑን ደቀ መዛሙርቱን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። በሚስቱ ቃል መጨረሻ የተቀጠለችውን «ም» ግን ሰባት ወር ሙሉ ሰምቶ አልፈታትም። የጨረቃን ሌሊት ሲቈጥር የሚስቱን ቀን አልቈጠረም።

ሴትዮዋ በበኵሏ ቈጥራ ነበር። አስቀድሞ አምስት ቀን የነበረው ደም ዐሥር ቀን፥ ከዚያም ዐሥራ አምስት ቀን ሆነ፤ የረጋ ደምም ይወርዳት ጀመር። ከገበያ ስትመለስ ዳገቱን ሦስት ጊዜ ተቀምጣ ትወጣለች፤ ልቧ ይመታል፥ ጆሮዋ ይጮኻል። ሆዷም ከእምብርቷ በታች እየጠነከረ መጣ። በግንቦት ወር ጎረቤቶቿ ፈገግ እያሉ «ማርያም ትቅረብሽ» ይሏት ጀመር። እሷም የሚሉትን ላለመካድ እውነቱንም ላለመናገር አንገቷን ደፍታ ታልፍ ነበር። ሌሊት ስትቀር ግን ሁለት ነገር ታስብ ነበር፤ አንዱ «ይህ ነገር ነቀርሳ ይሆንን?» የሚል፥ ሁለተኛው «እግዚአብሔር ከቤቱ ያስወጣኝ በየትኛው ኃጢአቴ ይሆን?» የሚል ነው።

ስለዚህ ማልዳ እየተነሣች ወደ እንጦጦ ወጥታ ጸበል ትጠጣ ነበር። በዚያም ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እንጨት እየለቀመች በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ከተማ በመውረድ ልጆቿን ያሳደገች አንዲት አሮጊት አገኘች። አሮጊቷ የወር አበባ ካቋረጠች ስድስት ዓመት ካለፋት በኋላ ደም ታይቷት ነበርና «ልጅነቴ ተመለሰ መሰለኝ» ብላ ሳቀች። ሁለቱም ሕመማቸውን እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፤ ከዚያ ውጭ ግን ለማንም ሳይነግሩ ተለያዩ።

በሰኔ ወር የንስሐ አባቷ ቤቱን ሊባርኩ መጡ። ጠበሉን ረጭተው ሲያበቁ ፊቷን አዩና «ልጄ፥ ሥጋ ወደሙ ከቀረሽ ምን ያህል ጊዜሽ ነው?» ብለው ጠየቋት። «አባቴ፥ ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ» አለች። «ምን ከለከለሽ?» ቢሏት ዝም አለች፤ ሁለተኛም ቢጠይቋት «ደም» ብላ መለሰች። ቄሱም ጥቂት ቆይተው፥ «ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ የንስሐ ልጅ እንዲህ ብትለኝ ‹ታገሺ፥ ጸልዪ› ብዬ ሰደድኋት፤ እርሷን የቀበርኋት እኔው ነኝ። አንቺ ግን ጸሎትሽን ሳትተዪ፥ ጸበልሽንም እየጠጣሽ፥ ነገ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ። ይህ ምክር አይደለም፤ ቀኖና ነው» አሏት።

መምህሩ ይህን ሁሉ በጓዳው በር ቆሞ ሰማ። በዚያች ሌሊት መጽሐፍ ሳይገልጥ በጣቱ ወራቱን ቈጠረ።

በማግሥቱ ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ መልስ አጣ፤ ሚስቱ ግን ሕመሙን ከበዓል ወደ በዓል እየቈጠረች የደሙን ቀንና የንጹሑን ቀን ለይታ ነገረችው። ደሟ ተመረመረ፤ በሴት ደም 12 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን የሚገባው ሄሞግሎቢን 6 ሆኖ ተገኘ። አልትራሳውንድ በሚባለውም መሣሪያ ሆዷ ታየ፤ ማኅፀኗ የአምስት ወር ፅንስ የያዘ ያህል ሆኖ ነበር። በውስጡ ያለው ግን ፅንስ ሳይሆን ማዮማ የሚባል ዕጢ ነው። ከማኅፀኗ ውስጠኛ ሽፋን ጥቂት ተወስዶ ተመርምሮ ነቀርሳ አለመሆኑ ታወቀ።

ማዮማ ማለት ከራሱ ከማኅፀኑ ሥጋ የሚበቅል፥ ከጤፍ ቅንጣት እስከ ትልቅ ዱባ ሊያድግ የሚችል ጠንካራ ዕጢ ነው። ሃምሳ ዓመት ከሞላቸው ሴቶች በሚበዙት ማኅፀን ትንሽም ሆነ ትልቅ እንደሚገኝ፥ በጥቁር ሴቶችም ቀድሞና በርትቶ እንደሚታይ ጥናት አሳይቷል። የሚያሳድገው ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለ ሆነ የወር አበባ ካቋረጠ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይከስማል። ነቀርሳ ሆኖ የሚገኘው እጅግ ጥቂቱ ነው። ብዙዎች ምንም ሳያማቸው ይዘውት ይኖራሉ፤ እንዲህ ያለው በየጊዜው መታየት ብቻ ይበቃዋል። ነገር ግን ደም የሚያበዛ፥ ፊኛን ተጭኖ ሽንት የሚያመላልስ፥ አንጀትን ተጭኖ ድርቀት የሚያመጣ፥ ወይም ፅንስን የሚያስወርድ ሲሆን ሕክምና ያስፈልገዋል። ይኸውም እንደ ሴትዮዋ ዕድሜና ፈቃድ በመድኃኒት ደሙን መቀነስ፥ ዕጢውን ብቻ ቀዶ ማውጣት፥ ወይም ማኅፀኑን ጭምር ማውጣት ነው። ከመተት፥ ከቡዳ ወይም ከእርግማን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ለመምህሩ ሚስት ተነገራት። መምህሩ «ማኅፀን ማውጣት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ደነገጠና አንገቱን አቀረቀረ። እሷ ግን «ሦስት ልጆች ወልጄበታለሁ፤ ሥራውን ጨርሷል። የቀሩትን ልጆቼን ለማሳደግ ደሜ ይብቃኝ» ብላ በገዛ እጇ ፈረመች። መጀመሪያ ደም ተሰጣት፤ ኋላም በሐምሌ ወር ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት።

ለቅኔ ሰው ይህን ነገር ማስረዳት አያስቸግርም። ደም መብዛት፥ የሆድ ማበጥ፥ የወገብ መክበድ ሰም ነው፤ ወርቁ ከውስጥ ነው። አንዱ ሰም ግን ብዙ ወርቅ ሊሸፍን ይችላል። ማዮማ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከማኅፀን ሽፋን ወይም ከማኅፀን በር እንደ ትንሽ ፍሬ የሚንጠለጠል ፖሊፕ የሚባል ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዕንቍላል በሚያፈራው በእንቁልጢ ላይ የተቋጠረ ውኃ ሊሆን ይችላል። ይህ የተቋጠረ ውኃ በወላድ ዕድሜ ባሉት ሴቶች የሚበዛው በጥቂት ወራት በራሱ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን እንቁልጢውን ይዞ ይጠመዘዛል፤ ያን ጊዜ ድንገተኛ ብርቱ ሕመምና ትውከት ስለሚያመጣ ያንኑ ሰዓት ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ብዙ የወለደች ወይም ከባድ ሸክም የተሸከመች ሴት ደግሞ ከብልቷ እንደ እብጠት የሚወጣ ነገር ብታገኝ፥ ዕጢ ሳይሆን ማኅፀኑ ከስፍራው መውረዱ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ሕክምና አለው። በመጨረሻም ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በሰሙ ብቻ ወርቁን ገምቶ «ደግ ነው» ወይም «ክፉ ነው» ብሎ መፍረድ የጎረቤት ሥራ አይደለም፤ ፈቺው ሐኪም ነው።

እርጉዝ ናት ተብሎ የዕጢ በሽተኛ መታለፍም አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1809 በአሜሪካ በኬንተኪ አገር ጄን ክሮፎርድ የምትባል ሴት ሆዷ አብጦ መውለጃዋ አልፏል ተብሎ ኤፍሬም ማክዶዌል የሚባል ሐኪም ተጠራ። እርሱም አይቶ ፅንስ ሳይሆን የእንቁልጢ ዕጢ መሆኑን ነገራት፤ ከዚያ በፊት ሆድ ተከፍቶ እንዲህ ያለ ዕጢ ወጥቶለት የዳነ ሰው እንዳልታወቀም አልሸሸጋትም። ሴትዮዋ መቶ ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ በፈረስ ተጕዛ ዳንቪል ከምትባለው ከተማው ደረሰች። ማደንዘዣ ገና ባልታወቀበት በዚያ ዘመን፥ በልደት በዓል ዕለት፥ ዐሥር ኪሎ የሚያህል ዕጢ አወጣላት፤ እሷም በዚያ ሰዓት መዝሙር ትደግም እንደ ነበር ይነገራል። ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ኖረች። ያ ሐኪም እውነቱን ባይነግራት፥ እሷም በፈረስ ባትነሣ ኖሮ እነዚያ 32 ዓመታት አይኖሩም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ መታወቅ የሚገባው የማኅፀን በር ነቀርሳ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቃው ነቀርሳ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 በዓለም ላይ 660 ሺሕ የሚያህሉ ሴቶች በዚህ ደዌ ተይዘው 350 ሺሕ የሚያህሉ ሞተዋል፤ ከሞቱትም ከመቶ 94ቱ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። መንሥኤው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ መሆኑን የገለጠው ጀርመናዊው ሐራልድ ዙር ሐውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቫይረሱ በሩካቤ የሚተላለፍ፥ እጅግ የተለመደ፥ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ የሚጠፋ ነው፤ ስለዚህ የተያዘችውን ሴት በዝሙት መጠርጠር አላዋቂነት ነው፤ አንድ ባል ብቻ የምታውቅ ሴትም ትያዛለችና። በጥቂቶቹ ግን ሳይጠፋ ይቀርና ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀስ በቀስ ወደ ነቀርሳ ይለወጣል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ከሌሎች ስድስት እጥፍ ይጠቃሉ፤ ለውጡም ይፈጥንባቸዋል።

ይህ ረዥም ዘመን የንስሐ ዘመን እንደ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ምንም ሕመም ሳይሰማቸው እንዲመረመሩ ተወስኗል። ምርመራው ቀላል ነው፤ አዋላጅ ነርስ ወይም ሐኪም የማኅፀኑን በር በሆምጣጤ አሲድ ብታርሰው የተለወጠው ስፍራ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ያንንም ስፍራ በብርድ ወይም በሙቀት አክሞ ገና ነቀርሳ ሳይሆን ማስቀረት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት በአገሩ ሁሉ ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ተሰጠ። የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ለወላጆች ቢያስታውቁ መልካም ሥራ ነው።

«ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ማነስ ነው» የሚሉ ሰዎች ቢኖሩ፥ መልሱ ከዚያው ከእንጦጦ ተራራ ተሰጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ይዘው መድኃኒቱን ሲተዉ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ፥ አንዱም ሌላውን እንደማይቃወም በግልጥ አስተምረዋል። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን ማክበር ይገባል ሲል፥ ከወንጌላውያንም አንዱ ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳትም ሴት በስተኋላ ተሸሽጋ የጌታን ልብስ ብትዳስስ፥ ጌታችን ተሸሽጋ እንድትሄድ አልተዋትም፤ በሕዝብ ፊት ሕመሟን እስክትናገር ድረስ ጠየቀ፥ ስትናገርም ልጄ ብሎ ጠራት። በደም ቀን ከመቅደስ መከልከል ለቅድስናው ክብር የተሠራ ሥርዐት ነው እንጂ ደዌን ለመሸፈኛ የተሠራ መጋረጃ አይደለም። እንግዲያውስ አንዲት ሴት ከደጅ መቆሟ ሲበዛ ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ካህኑ ነው።

የሚያስጠረጥሩትም ምልክቶች እነዚህ ናቸው። የወር አበባ ከሰባት ቀን ሲያልፍ፥ የረጋ ደም ሲበዛበት ወይም ጨርቁ በየሰዓቱ ሲርስ፤ ከወር አበባ ቀን ውጭ ወይም ከሩካቤ በኋላ ደም ሲታይ፤ የወር አበባ ካቋረጠ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ አንዲት ጠብታ እንኳ ደም ስትታይ፤ ሽታ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሲወርድ፤ ሆድ ሲነፋ፥ ጥቂት በልቶ መጥገብ፥ ሽንት መመላለስ ወይም የሆድ ሕመም ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳይለቅ ሲቀር፤ ያለ ምክንያት ሥጋ ሲከሳ። እነዚህ ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው። ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ሕመም ከትውከት ወይም ከራስ መሳት ጋር ሲመጣ፥ የወር አበባዋ የዘገየባት ወይም የፀነሰች ሴት ሕመምና ደም ሲያገኛት፥ ደምም በዝቶ ዓይን ሲያጨልም ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያንኑ ሰዓት፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች የሚበዙት መነሻቸው ነቀርሳ አይደለም፤ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ግን በመመርመር ነው።

የመምህሩ ሚስት ድና ከአልጋዋ ስትነሣ መጀመሪያ ያሰበቻት ያችን የእንጨት ተሸካሚ አሮጊት ነበር። ባሏን ይዛ ፈለገቻትና አገኘቻት፤ ወደ ሐኪምም ወሰደቻት። የአሮጊቷ ግን የማኅፀን በር ነቀርሳ ነበር፤ ኵላሊቷንም ነክቶ ነበር። ሐኪሙ ለመምህሩ «ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ብትመጣ ኖሮ» አለና ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ሕመሟን የሚያስታግስ መድኃኒት ተሰጣት። የመምህሩ ሚስትም እስከ መጨረሻው ድረስ በየቀኑ አጥሚት እየያዘች ትጠይቃት ነበር። አንድ ቀን አሮጊቷ፥ «ልጄ፥ የዚያን ለት ከተራራው ስንወርድ፥ አንዳችን እንኳ ለሰው ብንናገር ኖሮ ሁለታችንም እንተርፍ ነበር» አለቻት። በመስከረም አረፈች።

በኅዳር ሚካኤል መምህሩና ሚስቱ እንደ ልማዳቸው ወደ የካ ሚካኤል ሄዱ። ከአጸዱ በር ሲደርሱ መምህሩ ቆሞ ወደ እሷ ተመለከተ። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ «ዛሬስ እገባለሁ» አለችው። እርሱም በዚህች በ«ስ» ፊደል ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰማ፤ ቀድማው እስክትገባም ድረስ ከበሩ ቆሞ ቆየ።

እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረቱን፥ ለሐኪሞች ጥበቡን፥ በቤት ላሉትም የሚሰማ ጆሮ ይስጥ። አሜን።